ሁለተኛ ሰሚ

«ነርሷ ሁለት መርፌ አከታትላ ነው የወጋችው አሉ!» አለ ሾፌሩ። የሟቹ ታናሽ ወንድም ነው። የሻይ ብርጭቆውን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ለቀስተኛውን ተራ በተራ እያየ ነበር የሚያወራው።

«አንድ ነው» አለች ልብስ ሰፊዋ ከጥግ።

«ምን አልሽ እትዬ?»

«አንድ መርፌ ነው የተወጋው። እዚያው ነበርኩ።»

«ኧረ በሞቴ! ባልሽ ሞቶም ሰው ታርሚያለሽ?»

ልብስ ሰፊዋ ጥቁር ሻሿን ወደ ግንባሯ ሳበችና ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች። አንዳንዱ ለቀስተኛ ፈገግታውን በመዳፉ ሸፈነ። ይህች ሴት ዕድሜ ልኳን ባሏ የተናገረውን ከግድግዳ ማዶ ሆና ስታርም እንደኖረች በሰፈሩ የማያውቅ የለማ።

ለቅሶው የተቀመጠው ፀጉር ቤቱ ውስጥ ነው፤ ከቤቱ ሁሉ ሰፊው ክፍል እሱ ነው። ከየጎረቤቱ የተሰበሰበው ወንበር ስላልበቃ ዘግይቶ የመጣ ሰው ሟቹ ደንበኛ ያስቀምጥበት የነበረው የሚሽከረከረው ወንበር ላይ መውጣት ግድ ይሆንበታል። በዚያን ዕለት ጠዋት አንድ ሽማግሌ እዚያ ላይ ወጥተው «ፈጣሪ ያጽናሽ» ሊሉ አፋቸውን ሲከፍቱ ወንበሩ ዞረና ከመስታወቱ ጋር አፋጠጣቸው። ማጽናኛውን ለገዛ ፊታቸው ተናግረው አረፉት። ቤቱ በሙሉ ሳቀ፤ ወዲያው ደግሞ አለቀሰ። እንዲህ ያለውን ነገር አሳምሮ የሚያወራው ሰው የለማ።

«ዶክተሩ ደግሞ የት ነበር መሰላችሁ?» ሾፌሩ ቀጠለ። «ሠርግ ላይ! ስልኩ ሲደወል ሙዚቃው እስከ ጣሪያ ነበር አሉ። እሱ እዚያ ይጨፍራል፣ እሷ ሆስፒታል ውስጥ እንደ ሐኪም ወንድሜን ትወጋለች። እኔ ግን አልተውም። ደም ነው! እከሳለሁ!»

«ማንን ነው የምትከሰው?» አሉ ሽማግሌው፤ አሁን ከወንበሩ ወርደው በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል።

«ነርሷን ነዋ!»

«ሲጨፍር የነበረውንስ?»

ሾፌሩ ሻዩን ፉት አለና «እሱማ ዶክተር ነው» አለ። «ነገ ብንታመም ማን ያየናል?»

ልብስ ሰፊዋ ይህንን ሰማችና እንደ መርፌ ወጋት፤ ግን ምን ትላለች? እውነቱን ነው። ዝቅ ያለውን አጥር ሁሉም ይዘለዋል።

*

ባሏን በስሙ የሚጠራው አልነበረም። ቅመሙ ነበር የሚሉት፤ ወሬ ሳይቀምም ከአፉ አይወጣማ። አንዲት ድመት ጣሪያ ላይ ከወጣች እሱ ዘንድ ስትደርስ ነብር ትሆናለች። መቀሱን በአየር ላይ እያንቀጫቀጨ፣ የደንበኛውን ራስ ዘንበል እያደረገ ይጀምራል።

«አንድ ጊዜ አንድ ሰውዬ እዚችው ወንበር ላይ እንቅልፍ ጣለው። አሳዘነኝና ሳልቀሰቅሰው ቀረሁ። ሲነቃ የላጨሁት ፂም እንደገና አድጎ አገኘሁት። ምን ላድርግ? ደግሜ ላጨሁታ!»

ይሄኔ ከግድግዳው ማዶ የስፌት መኪናው ድምፅ ቀጥ ይላል።

«ውሸት ነው! ያንቀላፋው ለአፍታ ነው!»

ፀጉር ቤቱ በሳቅ ይሞላል። ደንበኞቹ ለእሷም ስም አወጡላት፤ ማኅተም። ቅመሙ አንድ ነገር ባወራ ቁጥር «ማኅተም ተመታበት ወይስ ገና ነው?» ይባባላሉ። እሱ አይከፋውም ነበር። «እኔ እለቀዋለሁ፣ እሷ ትሰበስበዋለች» ይላል። ራሱ የሳሳ ሰው ሲመጣለት ደግሞ «አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም፤ እኔ አፌን፣ አንተ ራስህን፣ ሁለታችንም ሳናውቀው» ብሎ ይቀልድበታል።

እሷ ግን ለጨዋታ ብላ አልነበረም የምታርመው። ልክ ያልሆነ ነገር ስትሰማ አንዱ እጅጌው ያጠረ ኮት እንዳየች ያህል ያሳክካታል። ሳትፈታና መልሳ ሳትሰፋው እንቅልፍ አይወስዳትም። ትምህርት ቤት ብዙ አልሄደችም፤ ማንበብ ፊደል እየቆጠረች ነው። ሜትር ላይ ግን የሚቀድማት የለም፤ ቃል ላይም እንደዚያው።

ይህ ጠባይዋ ዋጋ ያስከፈለበት ጊዜም ነበር። የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ከበር ላይ ጠፍቶ ሳለ ሌባ ገብቶ ወጣ። ዘበኛው ድካም ጥሎት ተኝቶ ኖሯል። ቅመሙ «አብሬው ነበርኩ፤ የትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆሜ ፀጉሩን እያስተካከልኩት ነበር፤ ከበሩ ንቅንቅ አላለም» ብሎ መሰከረለት። አለቆቹ ግን የሰፈሩን ወሬ ያውቃሉ። መጥተው ማኅተምን ጠየቋት። እሷም «ባሌ ያን ቀን ከቤት አልወጣም» አለች። ዘበኛው ተባረረ።

ቅመሙ ያን ቀን አልተቆጣትም። ማታ እግሩን እየታጠበ «እውነትሽ ልክ ነው» አላት። «ሰውዬው ግን ነገ ጠዋት ተነስቶ የት እንደሚሄድ አያውቅም።» ከዚያ በኋላ አላነሳባትም። እሷም አላነሳችም። ዘበኛው ግን በደጃፋቸው ባለፈ ቁጥር የስፌት መኪናዋ መርገጫ ይከብዳታል።

*

ነርሷ ለቅሶ ልትደርስ መጣች። ቀጭን፣ ዓይኗ ያበጠ፣ ነጭ ጋውኗን አውልቃ ጥቁር ሹራብ የለበሰች ወጣት ሴት ናት። በሩ ላይ ቆማ ጫማዋን እያየች ቀረች።

ሾፌሩ ብድግ አለ። «አንቺ ደግሞ ምን ልትሆኚ መጣሽ? ገድለሽ ልታለቅሺ?»

«ወንበር ስጣት» አለች ልብስ ሰፊዋ።

«እትዬ!»

«ወንበር ስጣት አልኩህ። ቤቱ የማን ነው?»

ከሚሽከረከረው ወንበር በቀር ባዶ ስላልነበረ ሲስተር እዚያ ላይ ልትወጣ ስትል ልብስ ሰፊዋ ተነስታ እጇን ያዘችና ወደ ስፌት ክፍሉ ይዛት ገባች። በሩን ገርበብ አደረገችው። ግድግዳው ስስ ነው፤ ማዶ ያሉት ሰዎች ወሬ ሲቀንሱ ይሰማ ነበር።

«እናቴ፣ እንዳልመጣ ተነግሮኝ ነበር» አለች ሲስተር። «ከሄድሽ ጥፋትሽን እንዳመንሽ ይቆጠራል ብለውኛል። አላስችል ብሎኝ ነው።»

«ማን ነው ያለሽ?»

«ሆስፒታሉ። ጉዳዩን የሚያጣሩ ሰዎች ተመድበዋል። እርስዎም ጋ ይመጣሉ።» «ዶክተሩ አላዘዝኩም ብለዋል። ኦክስጅን አድርጊለት፣ እኔ እየመጣሁ ነው፣ ከዚያ ውጪ አልፈቀድኩም ብለዋል። ያ መርፌ ትንፋሽ ሊያዘገይ የሚችል ብርቱ ማስታገሻ ነው፤ ከተቆለፈ ቁም ሳጥን ነው የሚወጣው፤ ነርስ በራሷ ሥልጣን አትሰጠውም። ያለ ትእዛዝ ሰጠሽ ከተባልኩ የሥራ ፈቃዴን ይነጥቁኛል። ከዚያ በኋላ ደግሞ ፍርድ ቤት ነው።»

«ፍርድ ቤት ምን ይላል?»

«ሰው ሞቷል እናቴ። ምን ይላል?»

ልብስ ሰፊዋ የተቆረጠ ጨርቅ ከወንበር ላይ አነሳችና አስቀመጠቻት። ራሷ ቆመች።

«ስልክ ላይ ስታወሪ እኮ ሰምቻለሁ።»

«ያ አይበቃም እናቴ፤ የስልክ ትእዛዝ ሁለት ነርሶች ሰምተውት ነው የሚፈጸመው። አንዷ ትቀበላለች፣ ሌላዋ ስልኩን ተቀብላ ደግማ ታሰማለች። ሁለተኛ ሰሚ ነው የምንላት።»

«ሁለተኛዋ የት ሄዳ ነው?»

«የለችም። እሑድ ነበር። ለዚያ ሁሉ አልጋ እኔው ነበርኩ።»

«ሌላ ሰው እስኪመጣ ብትጠብቂስ?»

«ብጠብቅ ዓይኔ እያየ ታፍኖ ይሞታል። ያኔ ደግሞ ለምን ዝም ብለሽ አየሽው ይሉኛል። በሁለቱም በኩል ያስጠይቀኛል።»

«ታዲያ ሁለተኛ ሰሚ እኔ ነኛ!» አለች ልብስ ሰፊዋ ደረቷን በጣቷ እየመታች። «አጠገብሽ ነበርኩ። ጆሮ አለኝ።»

ሲስተር ራሷን ነቀነቀች። «እርስዎ የሰሙት እኔን ነው። እሳቸውን አልሰሙም። ያዩትን ብቻ ይንገሯቸው፤ ሌላ ምንም አልልዎትም። እንዲያውም ይህንን ማውራትም አልነበረብኝም።»

ስትወጣ ሾፌሩ ጀርባውን ሰጣት። ሽማግሌው ግን «አይዞሽ ልጄ» አሏት፤ ቀስ ብለው፣ ሾፌሩ እንዳይሰማ።

*

በዚያ እሑድ ከሰዓት ቅመሙ ሆስፒታሉ አልጋ ላይ ትራስ ተደግፎ ነበር የተቀመጠው። መተኛት አልቻለም፤ ልቡ ደክሞ ሳንባው ውሃ ሞልቷል ብለዋታል። እያንዳንዱን ትንፋሽ ከጉድጓድ እንደሚቀዳ ሰው እየጎተተ ነበር የሚያወጣው። እንደዚያም ሆኖ አፉ አላረፈም።

«ሲስተር… ሩጫ ላይ… ነበርኩ» አላት። «አንደኛ… ወጥቼ ነው… እንዲህ የሆንኩት።»

«ውሸት ነው» አለች ሚስቱ። «ከአልጋው ወርዶ ሽንት ቤት መሄድ አቅቶታል።»

ሲስተር ሳቀች። እሱም ሊስቅ ሞከረና ሳሉ አጣደፈው። የመጨረሻ ያረመችው ያን ጊዜ ነው።

ከዚያ ከንፈሩ ጠቆረ። ሲስተር ሮጠች፣ ተመለሰች፤ ስልኩን በጆሮዋና በትከሻዋ መካከል ቆልፋ በአንድ እጇ ጀርባውን ደግፋ፣ በሌላው መርፌውን ይዛ ነበር። ድምፅዋ ጮክ ያለ ነበር፤ ደንቆሮ እንደሚያናግር ሰው።

«ዶክተር፣ አይሰማኝም… ልስጠው ነው የሚሉኝ?… ሙሉውን?… እርስዎ እስኪመጡ ሳልጠብቅ?… እሺ፣ አሁን ሙሉውን እሰጠዋለሁ። እየሰጠሁት ነው ዶክተር።»

ልብስ ሰፊዋ እያንዳንዷን ቃል ይዛለች። ቃል ከእሷ ጋር አይጠፋም። መርፌው ከተወጋ በኋላ ትንፋሹ ረጋ አለ። ከንፈሩ ላይ ያለው ጭንቀት ለቀቀው። እንቅልፍ የወሰደው ሰው መሰለ፤ እሷም ተመስገን ብላ ግንባሩን ጠረገችለት። ዶክተሩ ሲደርስ ግን የሚቀሰቅሰው ሰው አላገኘም። በሽታው ይሁን መርፌው እስከ ዛሬ እቅጩን የነገራት የለም። ብትጠይቅም «ሁለቱም ሊሆን ይችላል» ነው መልሱ። ሁለቱም ሊሆን የሚችል ነገር እሷ ሰምታ አታውቅም፤ ጨርቅ ወይ ይደርሳል ወይ ያጥራል።

*

«ሞኝ አትሁኚ» አለቻት ባለ ሱቋ። ጎረቤቷ ናት፤ ከቀብሩ ጀምሮ ሻዩን የምታፈላው፣ ብርጭቆውን የምታጥበው እሷ ናት። ከውሃ በርሜሉ አጠገብ ብርጭቆ እያለቀለቁ ነበር። «የዶክተሩን ድምፅ ሰማሁ በያቸው። አለቀ።»

«አልሰማሁማ።»

«ልጅቷ ግን ዋሽታለች?»

«አልዋሸችም። ሰው ያልተባለውን አይደግምም። ምን ብላ ትደግመዋለች?»

«እንግዲያው እውነት ነው ማለት ነው። እውነት ከሆነ አንቺ ብታይውስ ባታይውስ፣ ብትሰሚውስ ባትሰሚውስ? አንዲት ቃል ጨምሪበት። ቅመሙ ቢሆን ይህን ጊዜ የዶክተሩን ሳል ጭምር አስመስሎ ያሰማቸው ነበር።»

ልብስ ሰፊዋ ሳታስበው ሳቀች። እውነቷን ነው፤ ያስመስለው ነበር። መነጽሩን ወደ አፍንጫው ጫፍ አውርዶ፣ ሆዱን ነፍቶ። ከዚያ ዘበኛውን አሰበች።

«አልችልበትም» አለች።

«ምኑ ይከብዳል? ልጅ እንኳን ይችልበታል።»

«እሱ ነበር የሚችልበት። ሥራ ተከፋፍለን ነበር።»

ባለ ሱቋ የታጠበውን ብርጭቆ ከእጇ ተቀበለችና «ሲስተርን እንዳታስበያት» አለች። ያቺ ቃል በቂ ነበረች። ልብስ ሰፊዋ ቀኑን ሙሉ ከንፈሯን ስታንቀሳቅስ ዋለች። ለቀስተኛው ጸሎት መሰለው። «ሰምቻለሁ። ስጪው አለ። ሰምቻለሁ። ሙሉውን ስጪው አለ።»

*

ከሆስፒታሉ የመጡት አጣሪዎች ሁለት ናቸው፤ አንዲት መነጽር ያደረገች ሴትና አንድ የሚጽፍ ሰው። ሴትየዋ መጀመሪያ አጽናናቻት፤ ከልቧ መሆኑ ያስታውቃል። ለቀስተኛው ወደ ውጭ ወጣ። ሾፌሩ ግን የሟች ወንድም ነኝ ብሎ በሩ ላይ ተደገፈ።

«ያዩትን ይንገሩን፣ እናታችን» አለች ሴትየዋ።

ነገረቻቸው። ትንፋሹን፣ ከንፈሩን፣ ሲስተር ስልኩን ይዛ ያለችውን ቃል በቃል፤ «አይሰማኝም፣ ልስጠው ነው የሚሉኝ፣ ሙሉውን፣ እርስዎ እስኪመጡ ሳልጠብቅ።» አንዲት ፊደል አልገደፈችም። ጸሐፊው ብዕሩን እያሯሯጠ ነበር። ሴትየዋ አንገቷን ነቀነቀች፤ የረካች ትመስል ነበር።

«የዶክተሩን ድምፅ ሰምተዋል?»

ይህች ናት ጥያቄዋ። ልብስ ሰፊዋ መስታወቱ ውስጥ ራሷን አየች፤ የሌላ ሰው ፊት መሰላት።

«ሰምቻለሁ።»

ብዕሩ ቆመ።

«እንዴት ሰሙት?»

«ከስልኩ ይወጣ ነበራ። ክፍት ነበር ድምፁ። ሙሉውን ስጪው አለ።»

«ድምፁ ጎላ ብሎ ነበር?»

«ጎላ ብሎ! ወፍራም ነው ድምፁ።» ሴትየዋ ምንም ሳትል ስለምታያት ዝምታው አስፈራት። ባሏ ሰው ዝም ሲልበት ምን ያደርግ እንደነበር ታውቃለች፤ ይጨምር ነበር። ጨመረች። «ከኋላው ሙዚቃ ይሰማል። ሠርግ ላይ ነበር። እየጮኸ ነበር የሚያወራው፣ ሙዚቃው እንዳይውጠው።»

ጸሐፊው ሴትየዋን አያት። ሴትየዋ መነጽሯን አወለቀችና በሹራቧ ጠርዝ ጠረገችው። ለረጅም ጊዜ ጠረገችው።

«እናታችን፣ ዶክተሩ ያን ሰዓት ቤቱ ነበር። ልጁ ታማ ደረቱ ላይ ተኝታበት ነበር። እንዳትነቃበት በሹክሹክታ ነው ያወራው። ይህንን ሲስተርም ብላለች። እሷም ጮክ ብላ የደጋገመችው ስላልተሰማት ነው። ስልኩም ክፍት አልነበረም፣ ጆሮዬ ላይ ነበር ነው ያለችው።»

ልብስ ሰፊዋ እጇን ወደ አፏ ወሰደች። ሳቅ የመሰለ ነገር ከሆዷ መጣባትና ዋጠችው። ሕይወቷን በሙሉ ሰው ስታርም ኖራ፣ ዛሬ እሷ ስትዋሽ ከግድግዳ ማዶ «ውሸት ነው!» የሚል እንኳን አልነበረም።

«የመጨረሻውን ተዉት» አለች። «ሰርዙት። የመጀመሪያው እውነት ነው።»

«የተናገሩት ተጽፏል።»

«የመጀመሪያው ግን እውነት ነው እኮ! ፊደሉ ሳይቀር!»

«ይገባኛል» አለች ሴትየዋ። ገብቷታልም። «ግን አሁን ይህንን የሚያነብ ሰው የትኛውን ይመን? አንዱ ውሸት ከሆነ ሌላውንም ለሲስተር ብላ ነው ያለችው ይላል።»

«እኔ ዋሽቼ አላውቅም። ሰፈሩን ጠይቁ! ማኅተም ነው የሚሉኝ!»

ሁለቱም ተነሱ። ልብስ ሰፊዋ ተከትላቸው ወጣች፤ ባዶ እግሯን፣ ሻሿ ትከሻዋ ላይ ወድቆ። መንገዱ ላይ ለቀስተኛው በሙሉ ቆሞ ያያታል።

«እሺ፣ ይሄን ብቻ ንገሪኝ» አለች የሴትየዋን እጅጌ ይዛ። «መጨረሻውን ባልል ኖሮ ይረዳት ነበር?»

ሴትየዋ ዋሽታ ልታልፍ ትችል ነበር። እሷ ግን «ጥቂት ይረዳት ነበር» አለች። «ሁለተኛ ሰሚ ባይሆንም፣ ትእዛዙን ደግማ ስታረጋግጥ ያየ ሰው አለ ይባል ነበር።» ከዚያ እጅጌዋን በቀስታ አላቀቀችና ከጸሐፊው ጋር መኪና ውስጥ ገባች።

ሾፌሩ አጠገቧ መጥቶ ቆመ። ፊቱ አመድ መስሏል።

«ሠርጉን… ከየት አመጣሽው እትዬ?»

«ከአንተ ነዋ።»

«እኔማ… መኪና ተራ ላይ የሰማሁትን ነው ያወራሁት። እኔ ምን አውቄ?»

«አውቀህ ነው ያወራኸው መስሎኝ» አለች። «እዚሁ ለቅሶው ላይ ሰው ሁሉ እየሰማ ነው የተናገርከው።»

ሾፌሩ ሲፎክርበት የነበረውን ክስ ከዚያ ቀን በኋላ አላነሳም። ማንሳትም አላስፈለገውም፤ ሥራው ተሠርቶለታል።

ልብስ ሰፊዋ በማግስቱ ሆስፒታሉ ድረስ ሄደች። በር ላይ ያለው ጥበቃ «ማንን ፈልገሽ ነው?» አላት። «ቃሌን ላርም» አለችው። ወደ አንድ ቢሮ መራት፤ እዚያ ያለው ሰው ወደ ሌላ ቢሮ፤ የዚያኛው ደግሞ መዝገቡ ወደ ላይ ሄዷል አላት። «ላይ የት ነው?» ብትለው ጣሪያውን አየ። ስትመለስ ቤቷ በር ላይ ሦስት ለቀስተኞች ሲጠብቋት አገኘች፤ ሐዘንተኛ ቤቱን ጥሎ ሲዞር አይተው አያውቁም ነበርና ደንግጠዋል። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» አሏት ሽማግሌው፣ ነገሩን ሲሰሙ። «የኔ ጠራና ለማን ጠቀመ፣ አባቴ?» አለቻቸው። ሽማግሌው ሻይ ይቅዱልህ ሲባል እንደሚደረገው ብርጭቆአቸውን ብቻ ወደ ባለ ሱቋ ዘረጉ።

*

ሰው እየሳሳ ሄደ። ወንበሮቹ አንድ በአንድ ወደየባለቤቶቻቸው ተመለሱ። ሾፌሩ ሥራ ገባ። ባለ ሱቋ ሱቋን ከፍታ በመሀል በመሀል ብቅ ትላለች። ልብስ ሰፊዋ ፀጉር ቤቱ ውስጥ ብቻዋን ተቀምጣ ሳለ ሲስተር መጣች። አሁን የሚያያት ሰው ስለሌለ በሩ ላይ አልቆመችም፤ ገብታ አጠገቧ ተቀመጠች።

ውጭ አንድ ልጅ ኳስ ግድግዳ ላይ እየመታ ነበር።

«ወሰኑ?» አለች ልብስ ሰፊዋ።

«ገና ነው። እስኪወስኑ በሽተኛ እንዳልነካ ታግጃለሁ። አንሶላ ማጠፊያ ክፍል ነው ያለሁት።»

«እኔ ነኝ ያጠፋሁሽ።»

«አይደሉም።»

«አትዋሺኝ። ውሸት አውቃለሁ።»

ሲስተር ወለሉን አየች። «ጥቂት ጎድተውኛል» አለች በመጨረሻ። «ጥቂት ብቻ። የቀረው ከእርስዎ በፊት የተበላሸ ነው። ሁለት ነርስ ብንሆን፣ ወይ ደግሞ የዶክተሩ ልጅ ባትታመም፣ ወይ እኔ እጄን ሰብስቤ ብቆም… አላውቅም። ሌሊት ሌሊት አስበዋለሁ። እንደገና ያ እሑድ ቢመጣ ምን እንደማደርግ አላውቅም።»

«ስጪው ብሎሻል?»

«ብለውኛል። እሳቸውም አላልኩም የሚሉት ዋሽተው አይመስለኝም። ልጃቸው ላይ ነበር ሐሳባቸው። ያሉትን አያስታውሱትም።»

ልብስ ሰፊዋ በዚህ ጊዜ የምታርመው ነገር ፈለገችና አጣች። የዋሸ ሰው ቢኖር ኖሮ ታውቅበት ነበር። እዚህ ታሪክ ውስጥ የዋሸችው እሷ ብቻ ናት። ልታለቅስ ፈለገች፤ እንባዋ አልመጣም። ከቀብሩ ወዲህ ለሲስተር ስትሟገት፣ ቢሮ ለቢሮ ስትንከራተት፣ ለባሏ አላለቀሰችለትም ነበር። ክፍሉ መዞር ጀመረ። ግድግዳውን ልትይዝ እጇን ዘረጋች።

«እናቴ! ዛሬ ምግብ ቀምሰዋል?» ሲስተር ተነስታ ከፊቷ ተንበረከከች። ጣቶቿ ሳታስበው የልብስ ሰፊዋ የእጅ አንጓ ላይ አረፉ፣ የደም ሥሩን ፈልገው አገኙት። ከንፈሯ ለመቁጠር ተንቀሳቀሰ። ከዚያ አንድ ነገር ትዝ እንዳላት እጇን መልሳ ሰበሰበች። ከኋላዋ ደበቀችው፤ የሰው ዕቃ እንደነካ ልጅ።

ልብስ ሰፊዋ አየቻት። ክንዷን ዘረጋች፤ የሲስተርን እጅ ከተደበቀበት ጎትታ አወጣችና ጣቶቿን እንደነበሩበት መልሳ አንጓዋ ላይ አስቀመጠች። በሌላው እጇ ከላይ ሸፈነችው።

«ቁጠሪ» አለች። «ያየሽ የለም።»

ሲስተር አልቆጠረችም። ዝም ብላ ያዘቻት። ያን ጊዜ ነው ልብስ ሰፊዋ የባሏን ስም፣ ሰው ሁሉ የረሳውን እናቱ ያወጣችለትን ስም፣ ጠርታ ማልቀስ የጀመረችው።